ለግል ዕዳ ጉዳይ ጠበቃ ፈልጎ መቅጠር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ

በአንድ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ የደንበኞችን ሰነድ እየተቀበልኩ መዝገብ የማደራጅ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ከአያት ወዲያ ባለ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በሬን የሚያንኳኳ ጎረቤትም ሆነ የዕድር ስብሰባ ሲያበቃ ወደ ጥግ የሚስበኝ ሰው የሚያቀርብልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዕዳው ከዐቅሜ በላይ ሆኗል፤ ኪሳራ የሚያሳውጅልኝ ጠበቃ ከየት አገኛለሁ?» ለእያንዳንዱ ሰው በቃል የምነግረውን በቅደም ተከተል ማስፈር ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ውስጥ ያለው የኪሳራ ሥርዓት የተዘጋጀው ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበራት ነው። ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት ወይም የማከፋፈያ ሥራ በንግድ ፈቃድ የሚያካሂዱና ዕዳው ከንግዱ የመጣ ከሆነ፣ ንግዱን መልሶ ስለማደራጀትም ሆነ ስለ ኪሳራ ከጠበቃ ጋር መነጋገር ይችላሉ። የደመወዝ ሠራተኛ ከሆኑ ግን፣ ወይም ዕዳው የቤት ብድር፣ የዕቁብ፣ የዘመድ ብድር ወይም ለሌላ ሰው የገቡት ዋስትና ከሆነ፣ ኪሳራ አውጆ ከዕዳ ነጻ የመሆን መንገድ በሕጋችን የለም። ይህንን ሳያውቁ የሚሄዱ ሰዎች «ኪሳራ አሳውጅልሃለሁ» ለሚል አታላይ ገንዘባቸውን ይሰጣሉ።

እርስዎ የሚያስፈልግዎ በገንዘብ ክርክርና በፍርድ አፈጻጸም (የተፈረደውን ገንዘብ ከባለዕዳው ንብረት በማስከፈል ሂደት) ላይ የሚሠራ የፍትሐ ብሔር ጠበቃ ነው። ሥራውም ከአበዳሪው ጋር መደራደር፣ ክስ ከቀረበ በጊዜው መልስ መስጠት፣ ያልተገባ ወለድ እንዲቀነስ መከራከር፣ ፍርድ ከተሰጠም ሕግ እንዳይነካ የከለከለውን ንብረትና ደመወዝ ማስጠበቅ ነው።

የሚያስፈልጉ ሰነዶች

– መጥሪያ ደርሶዎት ከሆነ መጥሪያው፣ ከክስ ማመልከቻውና ከአባሪዎቹ ጋር
– የብድር ውል፣ የመያዣ ውል፣ የዋስትና ውል
– የከፈሉበት ደረሰኝ፣ የባንክ የሒሳብ መግለጫ፣ የቴሌብር የክፍያ መልእክት
– ከባንክ ወይም ከአበዳሪው የመጡ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች
– ቼክ ሰጥተው ከሆነ የቼኩ ኮፒ
– የደመወዝ ማረጋገጫ ወይም የጡረታ ደብተር
– የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል፣ የተሽከርካሪ ሊብሬ
– የጋብቻ ማስረጃ
– መታወቂያ

የጋብቻ ማስረጃው ለምን እንደሚጠየቅ ብዙ ሰው አይገባውም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የአንዱ ተጋቢ ዕዳ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ከግል ንብረቱ ሲሆን፣ ያ ካልበቃ ወደ ጋራ ንብረት ይሻገራል፤ ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም የአንድነት ዕዳ ነው። ስለዚህ ጠበቃው ቤቱ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ምክር ሊሰጥዎ አይችልም።

ከዋናው ሰነድ ኮፒ አንሥተው ኮፒውን ብቻ ይዘው ይሂዱ። ዋናው ከእጅዎ አይውጣ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ይለዩ

ጠበቃ ከመፈለግዎ በፊት በእጅዎ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነና የትኛውን ቀን እንደሚይዝ ይለዩ። በዕዳ ጉዳይ የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው በክርክሩ ጥራት ሳይሆን በቀጠሮው ቀን ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ይዛልኝ የመጣችው መጥሪያ በብሎካችን መግቢያ በር ላይ ተለጥፎ የቆየ ነበር። ዝናቡ የወረቀቱን ታችኛ ግማሽ አጥቦት ማኅተሙ ወደ ሰማያዊ እድፍ ተለውጧል፤ የመዝገብ ቁጥሩና የቀጠሮው ቀን ግን ጥርት ብለው ይነበባሉ። ከበሩ ላይ ልጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው «በእጅሽ ስላልተሰጠሽ አይቆጠርም» ያላት ሰው ስለነበረ ነው። ይቆጠራል። ፍርድ ቤት በእጅ ማድረስ ካልተቻለ መጥሪያ በመኖሪያ በር ላይ እንዲለጠፍ ሊያዝ ይችላል። ወደ እኔ የመጣችው ቀጠሮው ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለነበር ጉዳዩ በሌለችበት ታይቶ ተወስኗል።

የሚከተሉትን አራት ሁኔታዎች ይለዩ፦

ሀ) መጥሪያ ከሆነ፣ በላዩ ላይ የመከላከያ መልስ የሚቀርብበት ቀንና የመሰማት ቀን ተጽፈው ይገኛሉ። ሁለቱን አያምታቱ። መልስ በጽሑፍ የሚገባው ከመሰማቱ ቀን በፊት ነው፤ ለመሰማቱ ቀን ብቻ የተዘጋጀ ሰው መልስ የማቅረብ መብቱ ታልፎ ያገኘዋል።

ለ) ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት የቀረበ ከሆነ የበለጠ ይፍጠኑ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 284 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት፣ መጠኑ በታወቀ የገንዘብ ዕዳ ላይ እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብ ተከሳሹ እንዲሁ መልስ አይሰጥም። አስቀድሞ በቃለ መሐላ የተደገፈ የመከላከል ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ ከሳሹ ያለ ክርክር ፍርድ ያገኛል። ለጠበቃው ሲደውሉ የመጀመሪያው ቃልዎ ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት መቅረቡ ይሁን።

ሐ) ወረቀቱ ቤትዎን ወይም መኪናዎን በመያዣ ከያዘ ባንክ የመጣ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ፍርድ ቤት አይጠብቁ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በስምምነት የያዘውን መያዣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። መደራደሪያ ጊዜዎ እነዚያ ቀናት ናቸው።

መ) በሌሉበት ተወስኖብዎት ከሆነ፣ ውሳኔውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 መሠረት ውሳኔው እንዲነሣ ማመልከት ይችላሉ፤ ያልቀረቡበትን በቂ ምክንያት ማሳየት ግን ይጠበቅብዎታል። ጎረቤቴን ያዳናትም ይኸው ነው፤ ሊያልፍ አራት ቀን ሲቀረው ማመልከቻው ገባ። ቀርበው ተከራክረው የተወሰነብዎት ከሆነ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው።

ወረቀቱ የደረሰዎትን ቀን በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። ጠበቃው ቀናት የሚቆጥረው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕዳዎን በአንድ ገጽ ያስፍሩ

ለእያንዳንዱ ዕዳ፦ አበዳሪው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተበደሩ፣ በእጅዎ የገባው ገንዘብ ስንት እንደነበር፣ ወለዱ፣ እስካሁን የከፈሉት፣ መያዣና ዋስ መኖሩ፣ በጽሑፍ መሆን አለመሆኑ። በትልቅ ሉክ ወረቀት ላይ በሠንጠረዥ ቢያደርጉት ይበጃል። ይህ ገጽ የጠበቃውን አንድ ሰዓት ይቆጥባል፤ እያንዳንዱ ዓምድም የራሱ ሕጋዊ ፍሬ ነገር አለው።

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በመሐላ ወይም ባለዕዳው ራሱ ሲያምን እንጂ በምስክር አይደለም። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። «በወር አሥር» እየተባለ በየመንደሩ የሚሰጠው አራጣ ከዚህ እጅግ የሚያልፍ ከመሆኑም በላይ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። ስለዚህ በእጅዎ የገባውንና በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ለየብቻ ይጻፉ፤ አራጣ አበዳሪዎች ወለዱን ከዋናው ጋር ደምረው «ተበድሬአለሁ» ስለሚያስፈርሙ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ለሌላ ሰው ዋስ ሆነው ከሆነም ውሉ ላይ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር መገለጹን ይመልከቱ፤ መጠኑ ያልተገለጸበት የዋስትና ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋጋ የለውም።

ቼክ ሰጥተው ከሆነ በቀይ ያስምሩበት። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ጉዳይዎ የዕዳ ብቻ ሳይሆን የነጻነትም ነው። የወንጀል ክርክር የሚያውቅ ጠበቃ ይፈልጉ።

ደረጃ 3፦ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ይወቁ

ይህ ደረጃ መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው አንድ መስመር ነው። ለእኛ ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠርበት ቦታ ነው።

ከአያት ትንሽ አለፍ ብለው ለገጣፎ ሲደርሱ፣ ወይም ከዓለም ባንክ ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከቃሊቲ ወደ ገላን ሲያልፉ ከአዲስ አበባ ወጥተው በኦሮሚያ ክልል ሥር ባለው ሸገር ከተማ ውስጥ ነዎት። ታክሲው አንድ፣ ገበያው አንድ ቢሆንም ፍርድ ቤቱ ሌላ ነው። ክስ በመደበኛነት የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ሲሆን፣ ከውል የመነጨ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ለገጣፎ የሚኖር ሰው ቦሌ ካለ የባንክ ቅርንጫፍ ለተበደረው ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ሊከሰስ ይችላል፤ ጎረቤቱ ግን በግለሰብ ብድር በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይከሰሳል።

በግምት አይሂዱ፤ የመጥሪያውን ራስጌ ያንብቡ። የፍርድ ቤቱ ስም፣ ምድብ ችሎቱና የመዝገብ ቁጥሩ እዚያ ላይ አሉ። አዲስ አበባ ባሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሆነ የገንዘብ ክስ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው።

ይህ የሚጠቅመው ጠበቃ ለመምረጥ ነው። የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ ብቻ ያለው ጠበቃ በኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤቶች ሊቆምልዎ አይችልም፤ የክልሉን ፈቃድ የያዘና ክርክሩ በሚካሄድበት በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍና የሚከራከር ጠበቃ ያስፈልግዎታል። ከዚህ በፊት ለፌዴራል ጠበቃ ሙሉ ክፍያ ፈጽሞ የቀጠሮው ሳምንት ላይ ይህንን የተረዳ ሰው አይቻለሁ፤ ገንዘቡም ጊዜውም አልተመለሰለትም።

ደረጃ 4፦ ቢያንስ ሦስት ስም ያሰባስቡ

ተመሳሳይ ጉዳይ ያለፈበትን ሰው ይጠይቁ፤ ጥያቄው «ጎበዝ ነው ወይ?» ሳይሆን «ቀጠሮ ሲኖር ራሱ ይቀርብ ነበር ወይ? ስልክ ያነሣ ነበር ወይ?» ይሁን። በመሥሪያ ቤትዎ የሠራተኛ ማኅበር ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ እዚያም ጠበቃ የሚያውቅ አይጠፋም።

ሌላው መንገድ ችሎት ገብቶ ማየት ነው። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ልደታ ወይም ጉዳይዎ በሚታይበት ምድብ ችሎት በአንድ ጧት በፍትሐ ብሔር ችሎት የኋላ አግዳሚ ላይ ቢቀመጡ፣ መዝገቡን አንብቦ የመጣውንና ዳኛው ሲጠይቁት ወረቀት የሚያገላብጠውን ጠበቃ ያለ ማንም ምስክር ይለያሉ። ስልክዎን ማጥፋት አይርሱ።

ገንዘብ ከሌለዎት የነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠበቆችም ራሳቸው በሕግ የነጻ አገልግሎት ግዴታ ስላለባቸው፣ ዐቅም እንደሌለዎት የሚገልጽ የወረዳ ደብዳቤ ይዘው ቢጠይቁ ነውር የለውም።

*ማስጠንቀቂያ፦* በፍርድ ቤት በር ላይ ቀርቦ «ዳኛውን የሚያውቅ ጠበቃ አለኝ» የሚልዎትን ደላላ ይለፉት። የሚጠይቀው ገንዘብ ጉቦ ከሆነ እርስዎም ተጠያቂ ይሆናሉ፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ተበልተዋል። ራፖር ጸሐፊም ጠበቃ አይደለም፤ ማመልከቻ ይጽፍልዎ ይሆናል እንጂ በችሎት አይቆምልዎትም፣ ለጻፈው ነገርም ኃላፊነት አይወስድም።

ደረጃ 5፦ ፈቃዱን ያረጋግጡ

በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን ፈቃዱን የሚያገኘው ከፍትሕ ሚኒስቴር ነው። መታወቂያውን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ስሙን፣ የፈቃዱን ቁጥርና መታደሱን ይዩ፤ ጥርጣሬ ካለዎት ቁጥሩን ይዘው ሚኒስቴሩን ይጠይቁ። በዚህ ቅር የሚለው ጠበቃ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ደረጃ 6፦ በመጀመሪያው ምክክር የሚጠይቁት

በደረጃ 2 ያዘጋጁትን የዕዳ ገጽ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና እነዚህን ይጠይቁ፦ መልስ የሚቀርበው መቼ ነው? የመጀመሪያ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ ክሱን የሚያስቆም ነጥብ) የሚሆን ነገር አለ ወይ? ብንስማማ ይሻላል ወይስ ብንከራከር? በችሎት የሚቆመው እርስዎ ነዎት ወይስ ረዳትዎ?

ከዚያም አንድ መፈተኛ ጥያቄ ያንሡ፦ «ቢፈረድብኝ የማይነካ ንብረቴ የትኛው ነው?» የአፈጻጸም ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያመነታ የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 404 ይነግርዎታል፦ አስፈላጊ ልብስ፣ አልጋና የማብሰያ ዕቃ፣ መተዳደሪያ የሆነ የሙያ መሣሪያ፣ ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚበቃ ቀለብና ገንዘብ፣ ጡረታ፣ እንዲሁም የደመወዝ ሁለት ሦስተኛ። ስለዚህ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ የምትኖር ሴት ወይም የብየዳ ማሽን ያለው ወጣት መጀመሪያ መረዳት ያለባቸው ይህንን ነው። መልሱን የማያውቅ ጠበቃ በሌላ ጉዳይ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይበጅዎትም።

«መቶ በመቶ እናሸንፋለን» የሚልዎትን አይቅጠሩ። ዕዳው እውነተኛ ከሆነ ጥሩ ጠበቃ የሚነግርዎት ስንት ሊቀነስና በምን ያህል ጊዜ ሊከፈል እንደሚችል ነው።

ደረጃ 7፦ የክፍያ ውል በጽሑፍ ያድርጉ

በውሉ ውስጥ የሚከተሉት ይስፈሩ፦ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ጠበቃው የሚሠራው እስከ የት እንደሆነ (ድርድር ብቻ፣ እስከ ፍርድ፣ ይግባኝ፣ አፈጻጸም)፣ ጠቅላላ ክፍያውና የሚከፈልባቸው ደረጃዎች፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው መካተቱ፣ የትራንስፖርትና የኮፒ ወጪ በማን እንደሚሸፈን። ይግባኝና አፈጻጸም ካልተጠቀሱ ሁለተኛ ክፍያ ይጠየቃሉ፤ የዕዳ ጉዳይ ደግሞ የሚከብደው አፈጻጸም ላይ ነው።

በመቶኛ የሚከፍሉ ከሆነ የምን መቶኛ እንደሆነ ይጻፍ። የተከሰሱበት ጠቅላላ ገንዘብ መቶኛና ከዕዳው ያስቀነሰልዎት ገንዘብ መቶኛ እጅግ የተለያዩ ናቸው። ሁሉንም አስቀድመው አይክፈሉ፤ በከፈሉ ቁጥርም ደረሰኝ ይቀበሉ።

ደረጃ 8፦ ውክልናውን ለክቶ መስጠት

ውክልና የሚሰጠው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ ሁላችንም ውልና ማስረጃ በምንለው ቢሮ ነው። መታወቂያዎን፣ የጠበቃውን ሙሉ ስምና የፈቃድ መረጃ ይዘው ይሄዳሉ። ወረፋው ሰነዱን ሳያነቡ እንዲፈርሙ ያጣድፍዎታል፤ አይጣደፉ፣ ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ፣ ማንበብ የሚቸገሩ ከሆነ የሚያምኑት ሰው ያንብብልዎ።

ለጠበቃ የሚያስፈልገው በፍርድ ቤት ቀርቦ የመከራከር፣ መልስና ማስረጃ የማቅረብ፣ ይግባኝ የማለት ሥልጣን ነው። «ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስሜ ገንዘብ እንዲቀበል» የሚሉ ቃላት በተዘጋጁ ቅጾች ውስጥ ተካተው ይመጣሉ፤ እንዲወጡ ያድርጉ። ዕዳ ያለበት ሰው ቤቱን የመሸጥ ሥልጣን ለሌላ ሰው የሚሰጥበት ምንም ምክንያት የለም። የመስማማት ሥልጣንንም ቢሆን «በጽሑፍ ስፈቅድ» በሚል ቢገድቡት ይሻላል፤ በችሎት የተመዘገበ ስምምነት እንደ ፍርድ ስለሚፈጸም አንድ ክፍያ ቢዘልሉ አበዳሪው በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ይሄዳል።

ደረጃ 9፦ ከቀጠሩ በኋላ

የቀጠሮ ቀኖችን በራስዎ ደብተር ይመዝግቡ። ከዳርቻ ወደ መሀል የሚወስደው መንገድ ጧት ምን እንደሚመስል ስለሚያውቁ በቀጠሮ ቀን በሌሊት ይነሡ። ጠበቃው ለፍርድ ቤት ያስገባውን እያንዳንዱን ጽሑፍ ገቢ የሆነበት ማኅተም ካረፈበት ኮፒ ጋር ይቀበሉ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

*ቤቱን ወይም መኪናውን በዘመድ ስም ማዛወር።* አበዳሪው ዝውውሩ እሱን ለመጉዳት የተደረገ ነው ብሎ በፍርድ ቤት ሊያስፈርስ ይችላል፤ እርስዎም በዳኛው ፊት እምነት ያጣሉ።

*ጠበቃ ሳያማክሩ አዲስ ወረቀት መፈረም።* ከውል የመነጨ ዕዳ በመሠረቱ በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ስላለፈበት በክስ ሊጠየቅ አይችልም። ዕዳውን የሚያምን ወረቀት መፈረም ወይም ትንሽም ቢሆን መክፈል ግን ይርጋውን አቋርጦ ቆጠራውን እንደገና ያስጀምረዋል። ባዶ ወረቀት ላይና ቀን በሌለው ቼክ ላይ በምንም ሁኔታ አይፈርሙ።

*ለአንዱ ዕዳ ሲሉ ከአራጣ አበዳሪ መበደር።* የጠበቃ ክፍያም ቢሆን በዚህ መንገድ አይከፈልም፤ ክፍያው በየደረጃው እንዲሆንልዎ ይደራደሩ።

*ከጠበቃው መደበቅ።* ሁለተኛ ሚስት፣ በእናት ስም የተገዛ መሬት፣ ለሌላ ሰው የተሰጠ ቼክ፤ ከሳሹ ቀድሞ ካወጣው መከላከያው ሁሉ ይበላሻል።

*ጠበቃ ሲቀይሩ የቀድሞውን ውክልና አለመሻር።* ጠበቃው ቀጠሮ ቢያሳልፍ ወይም ስልክ ማንሣት ቢያቆም፣ መጀመሪያ ወደ ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልናውን ይሻሩ፤ የሻሩበትን ሰነድ ለጠበቃውና ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በጽሑፍ ያስገቡ፤ የሰጡትን ሰነድ በዝርዝር ቆጥረው ፈርመው ይረከቡ፤ ከዚያ በኋላ ለአዲሱ ጠበቃ ውክልና ይስጡ። የሥነ ምግባር ጥፋት ተፈጽሞብዎት ከሆነ አቤቱታዎን የክፍያ ውሉንና ደረሰኞቹን አያይዘው ለፍትሕ ሚኒስቴር ያቅርቡ።